ግልገሎች የሚያድሩበት ግንብ

ያ ቪዲዮ አሁንም ስልክ ለስልክ ይዞራል። መጀመሪያ የሐይቁ ውሃ ይመጣል፤ ከዚያ ደሴቲቱ፣ ከዚያ ጥቁሩ ግንብ፣ ከዚያ የሽማግሌው ፊት። ምስሉ ጥሩ ነው። ጥሩ መሆኑ ደግሞ ያናድደኛል፤ ምክንያቱም የቀረጽኩት እኔ ነኝ። እጄ እንዳይንቀጠቀጥ ትንፋሼን ይዤ፣ ጥላዬ ሽማግሌው ላይ እንዳያርፍ ቦታ መርጬ ነው የቀረጽኩት። ከአፋቸው የወጣውን ቃል ግን ሌላ ሰው ቀየረው።

ሰው ማስቀየም የሚቀናኝ ልጅ አይደለሁም። ያደግሁት አዋሽ ከተማ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ እናቴ በከፈተቻት ቁርስ ቤት ውስጥ ነው። እናቴ ከወሎ የመጣች ናት፤ ለሹፌሮችና ለረዳቶች ፉልና ሻይ ትሸጣለች። በቤታችን አንድ ሕግ ነበር፦ ደንበኛ ተቆጥቶ አይወጣም። ሰው ሲጮህብኝ ፈገግ ማለት፣ ያላጠፋሁትንም ይቅርታ መጠየቅ እዚያ ተማርኩ። ወተት ከሚያመጡልን የአፋር ሴቶች ደግሞ አፋርኛ ተማርኩ። የገበያ አፋርኛ ነው፤ ስናገር ይስቁብኛል። ስሰማ ግን ብዙ አያመልጠኝም።

ዘንድሮ ሰመራ ኮሌጅ ገባሁና ከአንዲት አፋር የክፍሌ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ተከራየን። የቆርቆሮው ሙቀት አላስተኛ ሲለን አልጋችንን ግቢ እናወጣና እዚያ እንተኛለን። ጓደኛዬ ዝምተኛ ናት። ቤተሰቦቿ ከአሳይታ ወዲያ፣ ሐይቁ ዳር ይኖራሉ። ስለ ሐይቁ ስጠይቃት "ውሃ ነው፣ አዞ አለው" ብላኝ ነበር። ስለ ግንቡ አንድም ቀን አንስታ አታውቅም።

ስለ ግንቡ መጀመሪያ የሰማሁት ከጉብኝት ክበባችን ሰብሳቢ ነው። ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው፤ ሎጊያ ነው ያደገው። አማርኛውም አፋርኛውም እንደ ውሃ ይፈስለታል። ለአዲስ ተማሪዎች ንግግር ሲያደርግ በሐይቅ መካከል የቆመ ጥንታዊ ቤተ መንግሥት እናያለን አለ። የዚያኑ ዕለት ተመዘገብኩ። ወንበር ስደረድር፣ ውሃ ሳቀብል፣ ስም ስጠራ አየኝና "እንዲህ ንቁ ፍሬሽ አይቼ አላውቅም" አለኝ። ሳምንቱን ሙሉ ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ። አሁን ሳስበው ያ ደስታ ራሱ ያናድደኛል።

የሄድነው ቅዳሜ ጠዋት ነው። አሳይታ ቁርስ በላን፤ ከዚያ አውቶቡሱ ሊሄድበት የሚችለው መንገድ እስኪያልቅ ሄድንና ወርደን በእግር ቀጠልን። ጓደኛዬ የክበቡ አባል ስላልሆነች አልመጣችም፤ ደውላ የነገረችው አጎቷ ግን ሊቀበለን መጥቶ ከፊት ከፊት ይመራን ነበር። መንገድ ላይ ግመል የሚነዳ ሰው መጣ። አጎትየው ቆመ፤ ሰውየውም ቆመ፤ ከዚያ ሁለቱም መሬት ላይ ቁጭ አሉና ጀመሩ። አንዱ ይጠይቃል፣ አንዱ ይመልሳል፤ ሲጨርስ ደግሞ ተራው ይገለበጣል። ፀሐዩ አናታችን ላይ ነው። ከኋላ አንዱ "ዜና እያነበቡ ነው፣ ስፖርቱ ይቀራል" አለና ሁሉም ሳቀ።

ያን ጊዜ ያስረዳን ማን እንደሆነ ልናገር። ሰብሳቢያችን ነው። ድንጋይ ላይ ወጥቶ፣ ይህ ዳጉ ይባላል አለን። አፋር መንገደኛ ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን ሳይለዋወጥ አይተላለፍም። ያየውን አየሁ ይላል፤ የሰማውን ከማን እንደሰማ ይናገራል፤ በራሱ አንድ ቃል አይጨምርም። በዳጉ የዋሸ ሰው በሽማግሌ ይቀጣል፤ ከቅጣቱ በላይ ግን ሰው አያምነውም፤ በዚህ በረሃ የማይታመን ሰው የውሃውን ወሬም የዝናቡንም ወሬ የሚነግረው የለም። በጣም አሳምሮ ነው የነገረን። አጨበጨብንለት። እንግዲህ አላወቀም የሚለኝ ሰው ቢመጣ መልሴ ይህ ነው፦ እኛን ያስተማረን እሱ ነው።

ሐይቁ ድንገት ነው የሚታየው። ጥቁር ድንጋይ፣ ጥቁር ድንጋይ፣ ከዚያ አረንጓዴ ደንገልና ዘንባባ፣ ከዚያ ውሃ።  ደሴቲቱ ከዳር ብዙ አትርቅም፤ ግንቡ ከላይዋ ተቀምጧል፤ ከሩቅ ሲያዩት እውነትም የንጉሥ ቤት ይመስላል። ከነዳጅ በርሜሎች በተበየደ ታንኳ ተራ በተራ ተሻገርን። ብየዳው የሎጊያ ጋራዥ ሥራ ነው፤ በርሜሎቹ ላይ የዘይት ጽሑፍ ገና ይነበባል። አጎትየው በረጅም እንጨት እየገፋ አዞ የሚበላው ዝም ያለውን ሰው ነው ሲለን እስክንደርስ ድረስ ያላወራ አልነበረም።

ቀርበን ስናየው ግንቡ ሁለት ግድግዳና አንድ የበር ቅስት ነው። ጣሪያ የለውም። መሬቱ በደረቀ የፍየል ፍግ ተሸፍኗል፤ በበሩ አጠገብ የእሾህ ቅርንጫፍ ተከምሯል። አንዷ ልጅ አፍንጫዋን ይዛ "ንጉሡ ፍየል ነበር እንዴ?" አለች። ሌላው ለዚህ ነው እንዴ እግራችን የተላጠው አለ። እኔ ግን ቦታው ደስ ብሎኝ ነበር። በቅስቱ ውስጥ ውሃው ይታያል፤ ነፋሱ በዚያ በኩል ይገባል፤ በዚያ ሙቀት ቀዝቃዛ ጥላ ያገኘሁት እዚያ ነው። ሰብሳቢያችን ግን ፊቱ ጠቁሮ ነበር። ቤተ መንግሥት ብሎ ነው ያመጣን።

ስንመለስ የጓደኛዬ አያት ዳር ላይ ግራር ሥር ተቀምጠው ጠበቁን። ጺማቸውን ሂና የተቀቡ፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ ያጋደሙ ሽማግሌ ናቸው። ሰብሳቢያችን ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ፤ የራሱን ስልክ ሰጠኝና አንቺ እጅሽ አይንቀጠቀጥም፣ ቅረጪ አለኝ። ሁሉንም ሰማሁ። ግንቡን ማን ሠራው ብሎ በአፋርኛ ጠየቃቸው።

"እኔ አላየሁም" አሉ። "አባቴም አላየም። የአባቴ አባት 'ደርሰን አገኘነው' ብሎታል። ከዚህ በላይ የነገረኝ ሰው የለም።"

ንጉሥ ነበር ይባላል አይደል? አላቸው። ማን እንደሚል ጠየቁት። ሰው፣ አላቸው። የትኛው ሰው? አሉት።  እንደገና አዙሮ ጠየቃቸው፤ እሳቸው ያንኑ መለሱ፤ አልተቆጡም፣ አልሰለቹም። ከዚያ ግን ልጁ ከሩቅ መጥቶ ባዶውን እንዳይመለስ አዘኑለት መሰለኝ፣ የሚያውቁትን ነገሩት። ድርቅ ሲበረታ፣ ጅብ ደጅ ሲመጣ፣ ከዚህ ዳርም ከወዲያኛው ዳርም ያሉ ሴቶች ግልገሎቻቸውን ወደ ደሴቲቱ ያሻግራሉ። ጅብ ውሃውን አይደፍርም። ግልገሎቹ ግንቡ ውስጥ ያድራሉ፤ በሩ በእሾህ ይዘጋል፤ የሁለቱ ወገን ሴቶች ተራ ገብተው ይጠብቃሉ።

ደሴቲቱ የማን ናት ብሎ ጠየቃቸው።

"ግልገል ያሻገረ ሁሉ የሱ ናት" አሉ።

 ይህን ያህል መንገድ የመጣነው ለዚህ ቃል ነው ብዬ አሰብኩ። ማንም የማያውቀው ሰው የሠራው ግንብ፣ ሁለት ወገን የሚጣላበት ሳይሆን ሁለት ወገን ግልገል የሚያሳድርበት ሆኖ መገኘቱ ከንጉሥ ታሪክ አይበልጥም? ስልኩን ስመልስለት ይህንኑ ነገርኩት። ሰማኝ፤ ግን እያየኝ አልነበረም። "ግልገል ማን ያያል?" አለ።

ቪዲዮው ሰኞ ወጣ። የሽማግሌው ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል፤ በላዩ የሰብሳቢያችን ድምፅ በአማርኛ እሳቸውን ሆኖ ይናገራል፦ ይህን ቤተ መንግሥት የሠራው ቅድመ አያቴ ነው፤ ደሴቲቱ ከጥንት ጀምሮ የኛ ቤተሰብ ብቻ ናት፤ ቅድመ አያቴ የሚወዳትን ሴት ከሰው ዓይን ደብቆ እዚህ አኖራት። ከሥሩ ዋሽንት አለ።

ተሳስቼ የሰማሁት መስሎኝ ደግሜ ከፈትኩት። ከዚያ እየሮጥኩ ሄድኩ፤ ሻይ ቤት ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ አገኘሁት። እሳቸው እንዲህ አላሉም አልኩት። ድምፄ ቀጭን ነበር፤ ለመቆጣት ገና አልለመድኩም። ጓደኞቹ ወንበር ሳቡልኝ። እሱ ሳቀ።

"ትርጉም እኮ ነው፣ ፍሬሽ" አለኝ። "ትርጉም ደግሞ ጨው ይፈልጋል።"

ጨው አይደለም፣ ሌላ ወጥ ነው አልኩት። የገበያ አፋርኛሽን ይዘሽ ነው እኔን የምታርሚው? አለኝ፤ ጓደኞቹ ወተት ስንት ነው በአፋርኛ በይልን እያሉ አሾፉብኝ። አጥፋው አልኩት። ይህን ያህል ሰው ያየውን ነገር ማን ያጠፋል አለኝ። ሽማግሌው አማርኛ አይችሉም፣ ስልክ የላቸውም፣ ምን ያጣሉ? አለኝ። ይህን ጥያቄ እስካሁን አልረሳሁትም። ስልክ የሌለው ሰው ስም የሌለው ይመስል።

በማግሥቱ መምህራችን ቪዲዮውን ክፍል ውስጥ አሳየን፤ አካባቢን የሚያስተዋውቅ ሥራ ነው ብሎ ሰብሳቢውን ፊት ለፊት ጠርቶ አስጨበጨበለት። ጓደኛዬ አጠገቤ ናት። እጇ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ አይንቀሳቀስም። የእኔም አልተንቀሳቀሰም። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ መምህሩን ተከትዬ ሄጄ የሰማሁትን በዝርዝር ነገርኩት። እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ፤ ያ ነው የባሰው። ጥሩ ታዛቢ እንደሆንኩ ነገረኝና ነገሩን እንዳላካብደው መከረኝ። ቱሪስት ታሪክ ይወዳል አለ። እኔም ልማዴ ነውና "እሺ መምህር፣ አመሰግናለሁ" ብዬ ወጣሁ። ደጅ ስደርስ ራሴን በጥፊ ልመታ ነበር።

እናቴ ደወለች። ቪዲዮው አዋሽ ደርሷል፤ ሹፌሮቹ ቁርስ ቤት ውስጥ ያዩታል። የኔ ልጅ የቀረጸችው ነው እያልኩ ወላሂ ሻዩን በነፃ ላድለው ነበር አለችኝ። እሺ ብያት ስልኩን ዘጋሁት።

ያ መንገድ እኮ አንድ ሰፈር ነው። አዋሽ የተባለው ሚሌ ይሰማል፣ ሚሌ የተሰማው ሎጊያ ያድራል። ሎጊያ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ አንድ ልጅ ቪዲዮውን ፍየል ሊሸጥ ለመጣ የሐይቁ ሰው አሳየው፤ አማርኛውን መልሶ በአፋርኛ ነገረው። ሰውየው ከወዲያኛው ዳር ነው። የሰማውን ይዞ ሄደ፤ ከማን እንደሰማም ተናገረ። በዳጉ ሕግ እሱ ምንም አላጠፋም። ስልኩ ላይ ያየው ደግሞ የሽማግሌውን ፊት ነው፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አይቷል።

ጓደኛዬ ይህን የነገረችኝ አልጋችንን ግቢ ስናወጣ ነው። አልጋውን በአንድ በኩል ይዛ ቆመችና፣ አያቷ ሰሞኑን መንገድ ዳር እንደሚውሉ ነገረችኝ። ሰው ያልፋል፤ ሰላምታ ይሰጣቸዋል፤ ያልፋል።

"ምን ሰማህ አይሉትም" አለች። "ሰላም ብለውት ያልፋሉ።"

አልጋውን አስቀመጥኩት። እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ያላዩትን አየሁ ያላሉ ሰው ናቸው። በዚያ ግራር ሥር ለአንድ ውሸታም ቀላል የነበረውን ውሸት እምቢ ያሉ ሰው ናቸው። አሁን ማንም ወሬ አይጠይቃቸውም፤ ከወዲያኛው ዳር ያሉት ደግሞ ደሴቲቱ የናንተ ብቻ ከሆነች ዘንድሮ ግልገል ስናሻግር ማን እንደሚከለክለን እናያለን ብለዋል። ድርቁ እየመጣ ነው። ለእናቴ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። ደንበኛ ተቆጥቶ አይውጣ የምትለው እናቴ "ሂጂ" አለችኝ። "ሰው ባላለው ቃል አይታማም። ሂጂና የሰማሽውን ተናገሪ።"

ሰብሳቢውን እንደገና ለመንኩት። ቪዲዮውን ባታጠፋው እንኳ መጥተህ ቃሉ የኔ ነው በል አልኩት። ፈተና አለብኝ አለ። እኔም ፈተና ነበረብኝ።

ከጓደኛዬ ጋር ጠዋት በሚኒባስ አሳይታ ወረድን፣ ከዚያ የጭነት መኪና አገኘን፣ ከዚያ በእግር። እንደምንመጣ ጓደኛዬ አስቀድማ ልካባቸው ስለነበር፣ ነገሩን ሊያዩ ከሁለቱም ዳር የመጡ ሽማግሌዎች ያው ግራር ሥር ተቀምጠዋል። የጓደኛዬ አያት ከሌሎቹ ትንሽ ራቅ ብለው መሬት መሬት ያያሉ። ጓደኛዬ ልታስተረጉምልኝ ስትል ከለከሏት፤ ዘመድ ናት። በራሴ አፋርኛ እንድናገር ታዘዝኩ። ሴት ልጅ፣ ያውም እንግዳ፣ እዚያ መሀል መናገሯ ያልተዋጠላቸው ነበሩ፤ ከወዲያኛው ዳር የመጡት ዋና ሽማግሌ ግን እጃቸውን አነሱና ጠየቁኝ።

"ስልኩ በማን እጅ ነበር?"

"በእኔ እጅ" አልኩ።

"እንግዲያ አንቺ ነሽ ያየሽው። ስልኩን ያዩት አላዩም።"

ከአፋቸው ምን ያህል ቅርብ እንደነበርኩ ጠየቁኝ፤ እዚያ ተቀምጣ የነበረችውን ጀሪካን በጣቴ አሳየሁ። ምን ሰማሽ አሉኝ። ጥያቄውንም መልሱንም በቅደም ተከተል ነገርኳቸው፤ አላየሁም ያሉትን፣ ደርሰን አገኘነው የተባለውን፣ ግልገሎቹን፣ የእሾሁን በር። ቃል ሲጠፋኝ በእጄ አሳየሁ፤ ግልገል ሲሸከሙ፣ እሾህ ሲጎትቱ። ወጣቶቹ ሳቁ፤ ሽማግሌዎቹ አልሳቁም። ደሴቲቱ የኛ ናት አለ ወይ? አሉኝ። አላሉም፤ ግልገል ያሻገረ ሁሉ የሱ ናት ነው ያሉት አልኩ። ከወዲያኛው ዳር አንዱ ድምፅ አውጥቶ ተነፈሰ።

ከዚያ ልጁ ለምን እንዲህ እንዳደረገ ጠየቁኝ። ቁጣዬ ሁሉ አፌ ላይ መጣ። ለጭብጨባ ነው አልኩ፤ ሰው መናቁ ነው፤ እናንተን ምንም አይደሉም ብሎ ነው። ገና ብዙ ነበረኝ። ዋናው ሽማግሌ ዱላቸውን መሬት ላይ መታ መታ አደረጉ።

"ልቡን አየሽው?"

"አላየሁም።"

"ያየሽውን ተናገሪ።"

ፊቴ ነደደ። ተናደድኩ፣ በእሳቸውም ተናደድኩ። እንዲያ የበደለንን ሰው እንኳ ያላየሁትን እንድጨምርበት አልፈቀዱልኝም። ከዋናው ሽማግሌ ወገን አንዱ ነገሩ እንዲበርድ ብሎ፣ እንግዲያ ልጁ ቋንቋ ተሳስቶ ነው እንበልና ይለቅ አለ። ጥሩ ሰው ነው፤ ሊያስታርቅ ነው የፈለገው። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አዎ ብል ሁሉም ደስ ይለው ነበር፤ እኔ ደግሞ ሰው ደስ ሲለው ማየት እወዳለሁ።

"አልተሳሳተም" አልኩ። "በጆሮዬ የሰማሁትን ልናገር። ለምን ብዬ ስጠይቀው 'ትርጉም ጨው ይፈልጋል' አለኝ።"

 ከዚያ አንድ ጥርስ የሌላቸው አዛውንት ጨውማ ከኛ አገር ነው ለሰው ሁሉ የሚሄደው፣ እሱ ከየት አምጥቶ ነው ለኛ የሚያድለን አሉ። ያን ጊዜ ሁሉም ሳቁ፤ የጓደኛዬ አያት ብቻ አልሳቁም። አሁንም መሬት መሬት ያያሉ።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ዝቅ ባለ ድምፅ ተነጋገሩ፤ ፈጣን ስለነበር አልተከተልኩትም። ሲጨርሱ ዋናው ሽማግሌ ተነሥተው ወደ ጓደኛዬ አያት ሄዱ፤ እጃቸውን ጨብጠው ሳሟቸውና አጠገባቸው ቁጭ አሉ። ከመንገድ ገና አሁን እንደደረሱ ሰው ሆነው ጠየቋቸው።

"ምን አየህ? ምን ሰማህ?"

ጓደኛዬ ክንዴን ያዘችኝ። አያቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ብዙ ቀን ያልተጠየቀ ሰው ድምፅ ነበር። ውሃው ከአምናው ዝቅ ማለቱን ተናገሩ፤ ይህን አይተዋል። በምዕራብ በኩል ደመና መታየቱን ተናገሩ፤ ይህን ከአንድ ግመል ነጂ ሰምተዋል፣ የሰውየውንም ስም ጠሩ። የታንኳዋ አንዱ በርሜል ማፍሰሱን ተናገሩ። ከዚያ ወደኛ ቀና አሉ።

"ዛሬ ከሰመራ ሁለት ልጆች መጡ" አሉ። "አንዷ የልጄ ልጅ ናት። ሌላዋ ተናዳለች። የሰማችውን ተናገረች።"

ዋናው ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ወሬው እንደዚያው፣ ቃል ሳይጨመርበት ሳይቀነስበት ወደ ወዲያኛው ዳር ሊሄድ ነው። ቪዲዮው ግን አሁንም አለ፤ ሰብሳቢያችንም ዓመታዊ በዓላችን ላይ ሊያሳየው ነው ይባላል፤ ይህን የሰማሁት ከክበቡ ጸሐፊ ነው። ተናዳለች የተባለውም እውነት ነው። እንደተናደድኩ ነኝ።